በሲባጎ የለካሁት ጊታር

«ብርቄ፣ እግዜር ድምፅ ሰጥቶሽ ጆሮ ነሳሽ።»

ይህን ያለኝ ሽመልስ ነው፤ በከተማችን ሞላሌ ውስጥ የወጣቶች ኪነት ቡድናችንን ይመራ የነበረው ልጅ። ፊቴ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያለኝ። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ሳቀ። ከበሮ መቺው «ጆሮዋንማ በግ ግጦታል» ብሎ ሲጨምርበት ቤቱ በሳቅ ተንከተከተ። ይህን ልችለው እችል ነበር፤ እኔም ለመልስ የምሰንፍ አይደለሁም። ያልቻልኩት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። ሽመልስ ወደ ክራር መቺዋ አስካለ ዞሮ «እስቲ ድምፁን ስጫት» አላት። አስካለ ክራሯን ከጭኗ ሳታነሳ እኔ የሳትኩትን ድምፅ በአንድ ጣቷ መታችው። አንዴ ብቻ። ቀና ብላም አላየችኝ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን እስከ በቀደም ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለእናቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ለእናቴ ክፉ መመለሴን ሁሉ ተናዝዣለሁ፤ ይቺን ግን ተንበርክኬም እዘላት ነበር። እሳቸው «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ነበረ። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ለእናንተ መንገር የቀለለኝ።

አስካለና እኔ ያደግነው ባንድ አጥር ነው። አባቷ ሰርግ ላይ ክራር የሚመታ ሰው ነበር፤ ሲሞት ክራሩን ለእሷ ተወላት። የእሷን ጆሮ ምን ብዬ ልንገራችሁ? የደብራችን ደወል ሲደወል ደዋዩን ሳታይ ታውቀዋለች። «ዛሬ ትንሹ ዲያቆን ነው፤ ገመዱን ሲለቅ ይቸኩላል» ትለኛለች። ሮጬ ሄጄ አያለሁ፤ ትንሹ ዲያቆን ነው። ልጅ ሳለን ይህ ያስቀኝ ነበር። አድጌ መዝፈን ስፈልግ ግን ማሳቁ ቀረ። እኔ አንድ ዜማ ለመያዝ ሳምንት እለፋለሁ። እሷ ውሃ እየቀዳች ትይዘዋለች። ደግሞ አትኮራም። ብትኮራ ምን አለበት! ብትኮራ እኮ እጠላትና እገላገል ነበር። እሷ ግን ዜማው ሲጠፋኝ «ከዚህ ጀምሪ ብርቄዬ» እያለች ታቃናኛለች፣ እኔም እጇን መንከስ ያምረኛል።

አንድ ቀን ሽመልስ ወሬ ይዞ መጣ። ከደብረ ብርሃን የባህል ቡድን ሰዎች ወጣቶችን ለመምረጥ ሞላሌ ይመጣሉ አለ። «ክራር የሚመታ እዚያ ሞልቷል። የጠፋው ጊታር ነው። አስካለ፣ ጊታር ካገኘሽ ቦታው ያንቺ ነው» አላት። እናቷ እትዬ ደብሪቱ ይህን ሲሰሙ ሁለቴ አላሰቡም። ሙክታቸውን ሸጡ። ክረምቱን ሙሉ ሱፍ ፈትለው ያሠሩትን ባናም ጨመሩበት፤ ለብርድ የሚለብሱት እሱን ነበር። «እኔ እሳት አጠገብ እቀመጣለሁ» አሉ።

ጊታሩን ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት እኔ ነኝ። አስካለ የነበራት ባለቁልፍ ስልክ ነው፤ ስማርት ስልክ የነበረኝ እኔ። አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ቀይ የኤሌክትሪክ ጊታር ተለጥፏል። ራሱ ላይ የታወቀ የውጭ ፋብሪካ ስም ተጽፎበታል፣ ከሥሩ «ኦሪጅናል፣ ከነዋስትናው» ይላል። ዋጋው ግን የኦሪጅናል ዋጋ አይደለም። አስተያየት መስጫውም ተዘግቷል። ሰው እንዳይናገር የዘጋ ነጋዴ ምን እንደሚሸጥ አጥቼው ነው? ለነጋዴው በውስጥ ጻፍኩለት፤ እውነት ኦሪጅናል ነው ወይ ብዬ። መልሱ እንዲህ አለ፦ «ለጀማሪ ከሆነ ምን ልዩነት አለው እህቴ?»

አስካለ አጠገቤ ቆማ «ምን አለሽ?» አለችኝ።

«ኦሪጅናል ነው አለ» አልኳት። መልእክቱን አጠፋሁት። ገንዘቡም በእኔ ስልክ ተላከ።

ለምን? ብላችሁ ብትጠይቁኝ እውነቱ ይህ ነው፦ ጊታሩ እንዲመጣ እፈልግ ነበር፣ እንዲያምር ግን አልፈልግም። ከእጇ የሚወጣው ድምፅ ቢያንስ አንዴ፣ እንደ እኔ ድምፅ፣ ሲስት መስማት እፈልግ ነበር። እሷ ስትስት ምን እንደምትመስል አይቼ አላውቅማ!

መጣ። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ በካርቶን ተጠቅልሎ። ያብረቀርቃል። እትዬ ደብሪቱ እልል አሉ፤ ጎረቤት ወጣ። እኔም እልል አልኩ። ድምፄን ቀንሼ አይደለም፣ ከልቤ አስመስዬ። በነጋታው ራሱ ላይ ያለውን ስም በጥፍሬ ነካ ባደርገው ጫፉ ተነሳ። ተለጣፊ ነበር። መልሼ በምራቄ አጣበቅኩት።

ጊታሩ አንድ ጉድ ነበረበት። ክሮቹ ባዶአቸውን ሲመቱ፣ አስካለ ቃኝታቸው ስለሆነ፣ እንደ ውሃ ይጠራሉ። አንገቱ ላይ በተደረደሩት ብረቶች መሐል ጣቷን አሳርፋ ስትጫን ግን ድምፁ ይጣመማል፤ ወደ ታች በወረደች ቁጥር ይብሳል። ትቃኛለች፣ ትጫናለች፣ ይጣመማል። እንደገና ትቃኛለች።

ጊታሩን እንዳትጠረጥረው ያደረጋት ክራሩ ነው። ክራር ላይ አንገት የለም፣ ብረት የለም። ስድስቱን ክር ትቃኛለህ፣ ያለው ያ ነው። ከሳተ የቃኘው ሰው ነው የሳተው። አባቷ ትንሽ ልጅ ሳለች «ክራር ሲያጠፋ አይተሽ ታውቂያለሽ? ያጠፋሽው አንቺ ነሽ፣ እንደገና ቃኚ» እያለ ነው ያስተማራት። እንጨት ከፋብሪካው ጠማማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል የሚል ሐሳብ ጭንቅላቷ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ግን ነበረ።

እሁድ ከእናቷ ጋር ቅዳሴ በሄደችበት ቤታቸው ገብቼ ጊታሩን አነሳሁ። አልደብቃችሁም፤ በስውር ለመማር ነው የገባሁት፣ ቦታዋን ለመንጠቅ። ስልኬ ላይ አንድ የሚያስተምር ሰው ቪዲዮ ከፈትኩ። ሰውየው ርካሽ ጊታር እንዴት እንደሚታወቅ እያሳየ ነበር። ክሩ ከላይ ካረፈበት እስከ አሥራ ሁለተኛው ብረት ያለው ርቀት፣ ከዚያ እስከ ታችኛው ማረፊያ ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት ይላል። እኩል ካልሆነ ማንም ቢጫወተው አይስተካከልም። ለመለኪያ የእትዬ ደብሪቱን የሱፍ ፈትል ላነሳ ብዬ ተውኩት፤ ሱፍ ይለጠጣል። ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ሲባጎ ፈትቼ ለካሁ። አጥፌ አስተያየሁት። የታችኛው ወገን በትንሿ ጣቴ ውፍረት ያህል ይበልጣል። ደግሜ ለካሁ። ያው ነው። ጆሮ የነሳኝ አምላክ ሲባጎ አልነሳኝም!

ያኔ ልነግራት እችል ነበር። ሩጫ እኮ ነው፣ ደብሩ ሩቅ አይደለም። ሲባጎውን አሳይቼ «ተታለልሽ፣ ጆሮሽ አይደለም» ብል፣ ለቡድኑ ሰዎች ክራሯን ትመታላቸው ነበር። ያን የመሰለ ክራር ሰምተው ትተዋት ይሄዱ ነበር? አይሄዱም። ይህን አውቅ ነበር። አውቄ ነው ሲባጎውን ኪሴ የከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ አስካለ ጣቶቿ ቀልተው፣ ዓይኖቿም ቀልተው እኔ ዘንድ መጣች። «ብርቄ፣ ምን ይሻለኛል? እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም» አለችኝ። በዓለም ላይ ካለ ሰው ሁሉ መርጣ ምክር የጠየቀችው እኔን ነው።

«ጆሮሽ ነው» አልኳት። «ክራር የለመደ ጆሮ ጊታር አይዝም። ዘመናዊ ነገር ሌላ ነው።»

እኔ ነኝ ያልኳት። ተናድጄ አይደለም፣ አምልጦኝ አይደለም። ሽመልስ የሰጠኝን ቃል ሳላመነዥክ ለእሷ አቀበልኳት። «ይሆናል» አለች። አመነችኝ። ጆሮዋን ሳይሆን እኔን አመነች።

ሰዎቹ የመጡ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጊታሩ ሞንታርቦ ላይ ሲሰካ የባሰ ጮኸ። አስካለ ጀመረች፤ መጀመሪያው ደህና ነበር። ጣቷ ወደ ታች ሲወርድ ከመራጮቹ መሐል ከፊት የተቀመጠው ሽማግሌ ፊቱን ጨመደደ። አቆመች። ቃኘች። ጀመረች። አቆመች። ከኋላ አንዱ «ልጅት ሽቦ ነው ወይ የምትወጥሪው?» አለ፣ ተሳቀ። ጊታሩን ቀስ ብላ ወንበር ላይ አስተኛችውና ለሰዎቹ እጅ ነስታ፣ «ይቅርታ፣ ጆሮዬ ነው» አለች።

የእኔን ቃል። በሰው ፊት። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ሲባጎው ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሰዎቹ ማንንም ሳይመርጡ ሄዱ። ስንወጣ ሽመልስ አጠገቤ መጥቶ «ለካስ አንቺ ብቻ አይደለሽም» አለኝ። ጣፈጠኝ። ከዚህ ሁሉ ለመጻፍ የከበደኝ ይህ ነው። አዘንኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፤ አላዘንኩም፣ ጣፈጠኝ። ማታ እራቴን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ጣዕሙ ግን አልቆየም። አስካለ ጊታሩን ብቻ አይደለም የተወችው። ክራሩንም ተወች። ደወል ሲደወል «ማን ነው?» ስላት «እኔን ምን ያሳውቀኛል» አለችኝ። ውሃ ስትቀዳ ማንጎራጎሯ ቀረ። ብዙም ሳትቆይ ራቤል ከተማ አክስቷ ዘንድ ሄዳ እዚያው አገባች። እትዬ ደብሪቱ ነጋዴውን እናናግር አሉኝ፤ ስልኩን ዘግቶብናል። ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቀሉትና መቃኛዎቹ ላይ የሱፍ ፈትል ያንጠለጥሉበት ጀመር። ለእሳት ማገዶ ይዤ በገባሁ ቁጥር ይታየኛል። እሳቸው ያለ ባናቸው እሳቱ ላይ ተጎንብሰው ይመርቁኛል። «አንቺ እንኳ አልተውሽኝ» ይሉኛል። ምርቃቱን ምን ላድርገው? እቀበለዋለሁ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ያደረግሁት ልጅ የሚያደርገውን አይደለም። ነጋዴው ነው አልልም፤ ነጋዴው የሸጠው እንጨት ነው፣ ጆሮዋን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሽመልስ አዋርዶኝ ነው አልልም። ዛሬም እኮ ቅናቱ አልሞተም። እሷ የተወችውን ነገር እኔ ሳላገኘው፣ ያንን ነገር ነበራት ብዬ እቀናለሁ። ይህ ምን ዓይነት በሽታ ነው?

በቀደም ራቤል አስካለ ዘንድ ልሄድ ስነሳ እትዬ ደብሪቱን ጊታሩን ስጡኝ አልኳቸው። ለምን አላሉም። «ውሰጂው ልጄ፤ ለፈትል ምስማርም ይበቃኛል» አሉና ለልጅ ልጃቸው ያሠሩትን የሱፍ ሹራብ ጨመሩልኝ። በመሐል ሜዳ ከተማ በኩል ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ጊታሩን ጉልበቴ መሐል ይዤዋለሁ፤ አንድ ጋቢ የተከናነቡ አዛውንት ወደ ኋላ ዞረው «በይ ንኪው እንጂ፣ ብርዱን እንርሳው!» አሉኝ።

«አይሠራም አባባ።»

«እንግዲያ ምን ያሸክምሻል?»

ሹራቡን ጊታሩ ላይ ደረብኩበት።

አስካለ ደጃፍ ላይ አቅፋ ሳመችኝ፣ ደግማ ሳመችኝ። ጊታሩን ስታይ «ይሄን ጉድ ደግሞ ለምን አመጣሽው?» ብላ ሳቀች። ሴት ልጇ፣ ገና አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ መሬት ላይ ባቄላ እየደረደረች ለራሷ ታዜማለች። አስካለ ሹራቡን እየለካችባት «ተይ ሚሚዬ፣ ዝም በይ፤ እኛ ቤት ጆሮ የለም» አለቻት። እየሳቀች ነው ያለቻት።

ያኔ ተናገርኩ። የነጋዴውን መልእክት ነገርኳት። ተለጣፊውን ላጥኩላት። ሲባጎውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከላይኛው ማረፊያ እስከ አሥራ ሁለተኛው ብረት ዘረጋሁ፣ አጠፍኩ፣ አሳየኋት። ከእጄ ተቀብላ ራሷ ለካች።

«መቼ ነው የለካሽው?» አለችኝ።

«ጊታሩ በመጣ ሰሞን። ቅዳሴ ሄደሽ።»

«ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት?»

«በፊት።»

«እኔ ጆሮዬ ነው ስል፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እጇን አንስታ ከለከለችኝ። ሲባጎውን ጣቷ ላይ ጠቅልላ፣ ፈትታ፣ ጠቅልላ ቆየች። ከዚያ ጊታሩን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ልጇን ጠራቻት።

«ሚሚ፣ ነይ እስቲ። የቅድሙን በይልኝ።»

ልጅቷ እኔን አየችና እናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች።

«እሷ ልትሄድ ነው» አለቻት አስካለ። «በይ አንቺ፣ እየሰማሁሽ ነው።»

ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።