ዱላው በር ላይ ይቅር

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢጠቃለል ምን ይወጣዋል? የድሬሰር አባይነህ ዕድሜ በር በር ሲያይ ያለቀ ይመስለኛል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ሐረር ሆስፒታል ሲሠራ፣ አንድ በሽተኛ እጁ ላይ ቢሞት የሟቹ ወንድሞች ክንዱን በዱላ ሰበሩት። ክንዱ ድኖም፣ ፋሻ እየጠቀለለ ዐይኑ ከበሩ አይነቀልም ነበር።

በግንብ የታጠረው የጥንቱ ከተማ የጁገል ልጅ ነርስ ሰዐዲያ፣ «አንገትህ ተጣሞ ሊቀር ነው እኮ» ብላ ቀለደችበት። ቀጥላም፣ «በአያቶቻችን ዘመን ባላገር ጁገል የሚገባው ጦሩን በር ላይ ለዘበኛ ሰጥቶ ነበር» አለችው።

ሲገላበጥ አደረና ጠዋት የሆስፒታሉ ኃላፊ ዘንድ ገባ። «ጌታዬ፣ ጠያቂ ዱላውን ለዘበኛ ይስጥ፤ ሲወጣ ይወስዳል።»

«ዱላ ቀምተን ከሰው ልንቀያየም ነው? አንተ ብቻ በሽተኛ አታስቀይም» አሉት።

ጡረታ እስኪወጣ ያንኑ ለመነ። ዱላው ግን እስከ በሽተኛው አልጋ ድረስ መግባቱን አልተወም።