ከአፋፍ የወረደ ጩኸት

የዚያ ዕለት ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነጠላ ይመስል ነበር። ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ጎህ ሲቀድ አባራ። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ቆላው እስከ ዓባይ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል፤ ወደ ዓባይ የሚፈሰው ወንዝም ከገደሉ ሥር ክር መስሎ ተጋድሟል። ቡሄ ካለፈ ገና ሳምንት አልሞላም።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» አለ ቢያድግልኝ፣ የጫማውን ማሰሪያ እያጠበቀ።

ሚስቱ አሰጋሽ ደጃፉ ላይ ቆማ ወደ አቀስታ ተራሮች ታያለች። «ተረቱን ለሰማዩ ንገረው። ገና በጠዋቱ ፀሐዩ ይለበልባል። እንዲህ ያለ ቀን ከሰዓት በኋላው አያምርም።»

«አንቺና ሬዲዮኑ አንድ ናችሁ። ክረምቱን ሙሉ ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ይጠበቃል ይላል። በክረምት ዝናብ አለ ለማለት ምን ነቢይ መሆን ያስፈልጋል?»

«ሬዲዮኑ የቱ ተራራ ላይ እንደሚወርድ አይነግርህም። እኔ ግን እነግርሃለሁ፤ እዚያ ነው» ብላ በአገጯ አሳየችው።

ሳቀባት። ከዚያ ወደ መደቡ ሄዶ የልጁን የብርሀንነሽን ግንባር ዳበሰ። ልጅቷ ሌሊቱን ሲያተኩሳት አድሮ ጋቢ ተከናንባ ተኝታለች። «ከባሰባት ጥሪኝ፤ ሁሉንም ጥዬ እመጣለሁ» አለና ለአረም ወደ ቆላ ወረደ።

በዚያ አገር ሰው ሁለት ቦታ ነው የሚያርሰው። ቤቱና ገብሱ ደጋ፣ ጤፉና ማሽላው ከወንዙ ማዶ ቆላ። ወንዙ በበጋ የፍየል ግልገል የሚሻገረው ነው። በክረምት ግን ሰው ይበላል፤ የሚበላውም በሌላ አገር ዝናብ ነው። ተራራው ላይ ሲያጉረመርም ቆላው ፀሐይ ነው። ገደሉ ስለሚጋርዳቸው ታች ያሉት ደመናውን አያዩትም። የሚያየው አፋፍ ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው።

ድሮ ሰማዩን የሚጠብቁት የአሰጋሽ አማት አባ ዓባይነህ ነበሩ። ልጆቻቸው ሥራ ሲበዛባቸው ምራታቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ያስተምሯት ነበር። «የተኛ ደመና አትፍሪ፣ ልጄ። ከቀትር በፊት ተነስቶ እንደ ክምር ሽቅብ የሚከመረውን ፍሪ። አናቱ እንደ ሰፌድ ከተዘረጋ፣ እግሩም ከጠቆረ፣ ወንዙ ባይሰማሽም መጥቷል በይ።» ያኔ ነጭ ጋቢያቸውን አፋፉ ላይ ካለው ሰፊ ድንጋይ ላይ ይዘረጉታል። ድንጋዩ ነጥቶ ያየ ሰው አይሻገርም፤ ማዶ ካለ ወዳጅ ቤት ያድራል። ሽማግሌው አንድም ቀን ጮኸው አያውቁም። ጩኸት የመርዶ ነው። እሪታ የሰማ ሰው የያዘውን ጥሎ ወደ ጮኸው ቤት ይሮጣል፤ ለምን፣ ማን ብሎ አይጠይቅም።

ሽማግሌው ሞቱ፣ ስልክ መጣ፣ ጋቢው ወደ መኝታ ገባ። ታች ኔትወርክ የሚይዘው አንዲት የዋንዛ ዛፍ ላይ ብቻ ነበር። ቢያድግልኝ ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ቅርንጫፏ ላይ ይሰቅለዋል፤ ሲጠራ ከአረሙ ቀና ብሎ እየሮጠ ይሄዳል። የማዶው ጎረቤቱ ፋሩቅ «የቢያድግልኝ ዋንዛ ዘንድሮም ስልክ አፈራች» እያለ ይቀልድበት ነበር።

ረፋድ ላይ ደመናው ከተራራው በላይ እንደ ክምር ቆመ።

አሰጋሽ ደወለች። «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም» አላት ስልኩ። ደገመች። ተራራው ላይ መብረቅ ሲብለጨለጭ ጭራሹን ኔትወርኩ ጠፋ። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመለሳል እያለች ስልኩን ወደ ሰማይ ይዛ እስከ ከሰዓት ድረስ ጓሮ ለጓሮ ዞረች። ወርዳ እንዳትነግረው ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ልጅቷንም ብቻዋን ጥላ ለማን ትሄዳለች? የደመናው አናት ተዘረጋ። እግሩ ጠቆረ።

ገብታ ጋቢውን ከልጅቷ ላይ ገፈፈች።

«እማ፣ በረደኝ።»

«ቆይ የኔ ዓለም፣ አሁን እመልስልሻለሁ።»

ጋቢውን ድንጋዩ ላይ ዘርግታ ጫፍ ጫፉን ጠጠር ጫነችበት። ግን ወዲያው ከገደሉ ውስጥ ጉም ተነሳ። መጀመሪያ ወንዙን፣ ቀጥሎ ማዶውን፣ ቀጥሎ ጋቢውንና የገዛ እግሯን ዋጠ። ከኋላዋ ተራራው ሳያቋርጥ ይደልቃል። ቢያድግልኝ የሚሻገረው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ጎርፉም የሚደርሰው ያኔ ገደማ ነው። ስልክ የለም፣ ጋቢ የለም። የቀራት ጉሮሮዋ ነው።

«ቢያድግልኝ! አትሻገር! እዚያው እደር!»

ገደሉ ቃሉን አስቀረና ጩኸቱን ብቻ ወደ ታች ላከው። ደጋግማ ጮኸች። ትንሽ ቆይቶ ከጉሙ ሥር፣ በጣም ከሩቅ፣ የሰው ድምፅ መለሰላት።

«መጣሁ!»

«አትምጣ! በማርያም ይዤሃለሁ፣ አትምጣ!» እሷ በጮኸች ቁጥር እሱ ይበልጥ እንደሚሮጥ ገብቷታል። ዝም ልትል ግን አልቻለችም። ድምፅ እስኪጠፋት ጮኸች። ከዚያ የወንዙ ድምፅ መጣ፤ ድንጋይ ከድንጋይ እያጋጨ፣ ግንድ እየሰበረ። ከዚያ በኋላ ከጉሙ ሥር የመለሰላት የለም።

ፋሩቅ በማግስቱ ውሃው ሲጎድል ተሻግሮ መጣ። ስልኩን በፌስታሉ እንደተጠቀለለ እጇ ላይ አኖረላት።

«አላህ ያጽናሽ፣ እታለም። እሱ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ድምፅሽን አልሰማም። ወላሂ...»

«አትማል ፋሩቅ» አለች በሻከረ ድምፅ። «መጣሁ ሲል ሰምቼዋለሁ።»

«የዐስር ሰላት እየሰገድኩ ነበር» አለ ፋሩቅ። «እሱ አረሙ ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። ጩኸቱን ሲሰማ ‹የአሰጋሽ ድምፅ ነው፣ ልጄን!› ብሎ ተነሳ። ሰላቴን አቋርጬ ተከተልኩት፣ አልደረስኩበትም። ሲገባ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ነበር። መሃል ሳለ ጎርፉ ከመታጠፊያው ዱብ አለበት። እኔም አንድ ረከዓ ስግደት ቀድሜ ባቋርጥ አብሬው ነበርኩ፣ እታለም። የሰው ቤት ሲጮህ ማን ይቆማል?»

ሬሳው አልተገኘም። ወንዙ ለዓባይ ሰጠው፣ ዓባይ ለማን እንደሰጠው አይታወቅም። ልብሱ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ተለቀሰለት። እህቱ ንግሥቴ ደረቷን እየደቃች፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ጠርታ አስበላችው! ዝም ብትል ኖሮ ማዶ ያድር ነበር!» አለች። ሴቶቹ «ተይ እንጂ፣ ንግሥቴ» አሏት። አሰጋሽ ግን አልተቆጣችም። ውሸት ያልተናገረችን ሴት እንዴት ይቆጧታል? ብርሀንነሽን ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቃት፤ በእንግዶቹ መሃል እየተሹለከለከች አባቷ መቼ እንደሚመጣ ትጠይቅ ነበር።

በዓመቱ ክረምት ሲገባ የቀበሌው ሰው ውበቱ ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። «አሰጋሽ፣ እንዳንቺ ሰማይ የሚያይ የለንም። ጋቢውም ይዘርጋ፣ ጡሩምባም እንግዛልሽ፤ ብቻ አትተይን» አሏት። እሺም እምቢም አላለችም። በሐምሌ አንድ ቀን ደመናው እንደዚያን ቀን ቆመ። ጉም አልነበረም፤ ታች የሚያርሙት ሰዎች እንደ ጉንዳን ይታዩአት ነበር። ጋቢውን ታቅፋ ድንጋዩ ድረስ ሄደች። ልትዘረጋው ጎንበስ ስትል እጇ እምቢ አለ። ያቺ «መጣሁ» ጆሮዋ ውስጥ ነበረች። ጋቢውን የዘረጋችው ዘግይታ የደረሰች የጎረቤት ሴት ናት። ያን ቀን ሰው አልሞተም፤ የአንድ ሰው አህያ ብቻ በውሃው ሄደ። አሰጋሽ ግን እዚያ ብትቆይ ብትጮህም ዝም ብትልም ሰው እንደምትገድል አመነች። እርሻውን የእኩል ሰጥታ፣ ልጇን ይዛ፣ አፋፉን ለቀቀች።

አሁን መካነ ሰላም ከተማ ከመናኸሪያው ጀርባ በአንድ ኪራይ ክፍል ከልጇ ጋር ትኖራለች። ቀን አንድ ምግብ ቤት ድስት ታጥባለች። ልጇን ስትፈልጋት ስሟን አትጣራም፤ ያለችበት ድረስ ሄዳ እጇን ይዛ ታመጣታለች።