አዲስ አበባ አጠገብ ያሉ ኮረብቶች

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት በምጠብቅበት ክረምት አክስቴ ሥራ ቦታዋ ይዛኝ መሄድ ጀመረች። «ሶፋው ላይ ተጎልተሽ ከምትሻግቺ ነይ ሙጫ ቀቢልኝ» አለችኝ። ሙጫ መቀባት ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እኛው ጋ ስለምትኖር እንደ ሁለተኛ እናት ነው የማያት፤ እትዬ ነው የምላት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበት ሄርባሪየም የሚባል ክፍል አለ፤ እዚያ ነው የምትሠራው። እሷ ግን «ቤቱ» ትለዋለች። «ዛሬ ቤቱ አፈሰሰ» ብላ ራት ሳትበላ የተኛችበትን ቀን አስታውሳለሁ። የእኛ ቤት ሲያፈስ ባልዲ ታስቀምጥና ትበላለች።

ቤቱ ደስ ይላል፣ ምን ልበላችሁ! ከወለል እስከ ጣሪያ የብረት ቁም ሳጥን፣ በየቁም ሳጥኑ ወረቀት፣ በየወረቀቱ ላይ አንድ የደረቀ ተክል፣ ከነቅጠሉ፣ ከነአበባው፣ ከነሥሩ። ሽታው ናፍታሊን ነው። ጸጉሬ ውስጥ ስለሚገባ መዘምራን ልምምድ ላይ ልጆቹ «አንቺ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ነው እንዴ የከረምሽው?» እያሉ አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር። አዲስ የመጣ ተክል ጋዜጣ መሃል ይጋደማል፤ ጋዜጣው በእንጨት ፍርግርግ መሃል ገብቶ በቀበቶ ጥርቅም ተደርጎ ይታሰራል። በየቀኑ ጋዜጣው ካልተቀየረ ተክሉ ይሻግታል። ስለ ዕድገትና ትራንስፎርሜሽን በትልቁ የተጻፈበት ገጽ ላይ እርጥብ ሣር ማስተኛት የእኔ ሥራ ነበር። ሲደርቅ ወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ ይለጠፍና ከታች በቀኝ በኩል መለያው ይደረጋል፦ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደለቀመው፣ መቼ፣ የት። «ተክሉ ግማሹ ነው፤ ግማሹ መለያው ነው» ትላለች እትዬ። «የት እንደበቀለ ያልታወቀ ተክል ድርቆሽ ነው።»

ምሳ ዕቃችንን ስንከፍት ደግሞ ታሪክ ትጀምራለች። ድሮ የአገራችንን ተክል የሚለቅሙት ፈረንጆች ነበሩ፤ በበቅሎ እየዞሩ፣ ድንኳን እየተከሉ ለቅመው በሣጥን ወደ አገራቸው ይልኩታል። እዚያ ስም ይወጣለታል፣ እዚያው ይቀመጣል። ከብዙ ጊዜ በኋላ የእኛ ሰዎች ተምረው ሲመለሱ፣ የገዛ ደጃቸውን ሣር ለማወቅ «እባካችሁ አሳዩን» ብለው ባሕር ማዶ ይጽፉ ነበር። «እስቲ አስቢው» ትለኛለች ጉርሻዋን አየር ላይ አቁማ፣ «ጎረቤትሽን ለማወቅ ባሕር ማዶ ስትጽፊ!» ቤቱ የተከፈተው ለዚህ ነው፤ የእኛ ተክል እኛው ጋ እንዲቀመጥ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሙጫ ስቀባ ለአገሬ የምዋጋ ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ቀን ዳር ዳሩ የተበላ አሮጌ ወረቀት እንድጠግን ሰጠችኝ። ላዩ ላይ አንዲት ቀጭን ተክል አለች። ሁለት ሰፋፊ ቅጠል ከታች፣ ከመሃል የወጣ አንድ ዘንግ፣ ዘንጉን ዙሪያውን የከበቡ ቡናማ የሆኑ ጥቃቅን አበቦች። ከሥሯ ትንንሽ ድንች የሚመስሉ ነገሮች ተንጠልጥለዋል።

«እንዴ! እንግዳዬ!» ብዬ ጮህኩ።

«የምን እንግዳ?» አለች እትዬ ደንግጣ በሩን እያየች።

«ይቺ! ወተት የምንገዛቸው እማማ አጥር ሥር የምትበቅለው! እዚያ ግን ሮዝ ናት።»

እትዬ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፤ መልሳ አደረገችው። ከመሬት የምትበቅል ኦርኪድ እንደሆነች፣ ቤቱ ውስጥ ከዚህ ከተማ የመጣች ይቺ አንዷ ብቻ እንዳለች ነገረችኝ። ከዚያ መለያውን አነበበችልኝ። የለቀማት ፈረንጅ ስለ ቦታው የጻፈው ይህን ብቻ ነው፦ «አዲስ አበባ አጠገብ ያሉ ኮረብቶች።»

«ሂጂና አግኚያት እንግዲህ!» አለች እጇን ወደ መስኮቱ እየወረወረች። «የካ ነው? እንጦጦ ነው? በዚያ ላይ ኮረብታው ሁሉ ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ ከሥሩ ምን ይበቅላል? አቤት ስንፍና!»

«አቤት ስንፍና!» አልኩ እኔም። ሰውየውን በጣም ናቅሁት።

እማማ የሚኖሩት እኛም በምንኖርበት ዳገት ላይ ነው። ሁለት ላሞች አሏቸው። ባለቤታቸው የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆኑ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ናቸው። ማታ ማታ ጠርሙሴን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። ክረምቱ መሃል ላይ ያቺ አበባ ብቅ ስትል እማማ የላሞቹን ካስማ ነቅለው ራቅ አድርገው ይተክላሉ። ሳይጠሯት ስለምትመጣ «እንግዳዬ» ይሏታል። ሰውየው ከመንገድ ሲደውሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት እሷን ነው። «እንግዳሽ መጣች?» ሲሉ በስልኩ ድምፃቸው ይሰማል፤ ከቻሉም ሳትደርቅ ይደርሳሉ።

በዚያን ዕለት ማታ ጠርሙሱን እንኳ ሳልሰጣቸው ለፈለፍኩ። የፈረንጁን መለያ ስነግራቸው ሳቁ። «ቸኩሎ ይሆናላ» አሉ። «ታዲያ አሁን ምን ልታደርጊ ነው?»

«አንድ ይስጡኝ እማማ። አንድ ብቻ። ለዘላለም ነው የምትቀመጠው፤ እኔና እርስዎ ከሞትን በኋላ ሁሉ!»

«አንቺ እንኳ ገና ነሽ» አሉ። «እሺ፣ አንድ ውሰጂ። ሥሯን ግን ተይልኝ።»

«ሥሯ ካልታየ አይሆንም። ሕጉ ነው።»

አበቦቹን አዩ። በሁለት እጅ እቅፍ የሚገባ ቦታ ላይ ነው ሁሉም ያሉት። ከዚያ ቢላዋ አምጥተው ተንበረከኩ። «አንቺ ታቆስያታለሽ» ብለው ራሳቸው ነቀሉልኝ፤ አፈሩንም መልሰው በመዳፋቸው ደለደሉት።

መለያውን እኔ ልጻፍ ብዬ እትዬን ለመንኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የጻፍኩት ነገር የለም። ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ጀምሬ፣ በየትኛው ቅያስ እንደሚገባ፣ የትኛውን ድንጋይ በግራ ትቶ እንደሚታለፍ፣ የአጥሩን ዓይነት፣ ጥላው ከየት እንደሚመጣ ሁሉ ጻፍኩ። ቃላቱ በራሳቸው እየተሰለፉ መጡልኝ። እዚህ ግን አልደግመውም። እትዬ አንብባ ስትጨርስ «አንቺ ልጅ!» ብላ ጭንቅላቴን ሳመችኝ። ወስዳ ዕፅዋት ለሚያስተምሩት መምህር አሳየችው። እሳቸውም መለያ እንዲህ ነው የሚጻፈው ብለው ግልባጩን ኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ እንድትለጥፈው ነገሯት። «ከአሥረኛ ክፍል ተማሪ ተማሩ» የሚል ከላይ ጨመረችበት። እኔም ውኃ የጠማኝ እየመሰልኩ በዚያ ኮሪደር ስመላለስ ዋልኩ።

ሰሌዳውን የሚያዩት የክረምት ተማሪዎች ናቸው። የክረምት ተማሪዎች ማለት ዓመቱን ሙሉ ክፍለ ሀገር ሲያስተምሩ ከርመው ዝናቡ ሲገባ ዲግሪያቸውን ለመጨረስ የሚመጡ መምህራን ናቸው። እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ተክል ለቅመው፣ አድርቀው፣ መለያ ጽፈው ካላስገቡ ያንን ትምህርት አያልፉም።

ቅዳሜ ጉርድ ሾላ መዘምራን ልምምድ ነበረን። የባቡሩ መንገድ የሚቆፈርበት ጊዜ ስለነበር ስመለስ ታክሲው ጭቃ ውስጥ ቆሞ ቆሞ፣ እየመሸ ሲሄድ ነው ሰፈር የደረስኩት። ዳገቱን ስጀምር አንድ ኮት የለበሰ ሰውና አንዲት ሴት ወደ ታች ሲወርዱ አገኘሁ። ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ነው። በብብታቸው ጋዜጣ ይዘዋል።

«እህት፣ የመገናኛ ታክሲ በዚህ ነው?» አለኝ ሰውየው።

«አዎ፣ ዝም ብላችሁ ውረዱ። ተክል ነው እንዴ የያዛችሁት?»

«እንዴት አወቅሽ?» ሳቀ። «አዎ፣ ሰኞ ካላስገባን ማርክ የለም። ከዚያ ወደየአገራችን ነን።»

ሴትየዋ ደስ ብሏት ጋዜጣዋን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ሮዝ ቀለሟ ገና አልጠፋም። «አንዲት ጎበዝ ልጅ መለያዋ ተለጥፎላት፣ እሱን ገልብጠን ነው የመጣነው። እጅ ይዞ እንደሚመራ ሰው እኮ ነው የጻፈችው! አንድም ሰው መጠየቅ አላስፈለገንም።»

ደስ አለኝ።

ይሄንን ዓረፍተ ነገር ብዘለው እወድ ነበር። ግን እውነቱ ይሄ ነው፤ አበባዋን ጋዜጣ ውስጥ እያየሁ፣ ምን እንደሆነ እየገባኝ፣ ልቤ «እኔ ነኝ እኮ!» ሊል ዘለለ። ሲዘል ይዤዋለሁ።

«ስንት አወጣችሁ?» አልኩ።

«አንድ አንድ ነዋ» አለች። «ከአንድ በላይ ምን ያደርግልናል? ግን የሌላ ሰው ማቅረብ አይቻልም።»

ከኋላቸው የቀሩት ሲወርዱ አየሁ፤ ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል። ሁሉም ጋዜጣ ይዟል። ያለፈኝ ሁሉ «ደህና አመሸሽ» ይለኛል።

ሮጬ ስደርስ እማማ አልነበሩም፤ እህታቸውን ሊጠይቁ ሄደዋል። አጥሩ ሥር ትንንሽ ጉድጓድ ብቻ ነው ያለው። እነዚያ መምህራን ሥርዓት ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ሣሩን እንኳ አልረገጡትም። ያደረጉት እኔ ያደረግሁትን ነው፤ አንድ፣ ከነሥሩ፣ እንደ ሕጉ።

እማማ ሲመለሱ እዚያው ቆሜ አገኙኝ። ስለ መለያው፣ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ መምህራኑ አለቃቅሼ ነገርኳቸው። ቆመው ሰሙኝ። ካስማውን አዩት፤ ራቅ ብሎ እንደተተከለ ነው። «ወተቱ እንዳይረፍድብሽ፣ ጠርሙስሽን አምጪ» አሉኝ።

ሲቀዱልኝ ስልኩ ጠራ። ባለቤታቸው ናቸው፤ ከየት እንደደወሉ አላውቅም፣ ከበስተኋላቸው የመኪና ጥሩንባ ይሰማል። ከሰላምታው ቀጥሎ እንደ ወትሮው ጠየቁ።

«መጥታ ነበር» አሉ እማማ። «ዘንድሮ ቶሎ ሄደች እንጂ። አንተ አትቸኩል፣ ቀስ ብለህ ንዳ።» ከዚያ ስልኩን ዘግተው እንደ ሁልጊዜው ምራቂ ጨመሩልኝ። ያን ዕለት እንኳ ምራቂውን ቢያስቀሩት ምን ነበረበት!

ሰኞ እትዬን ይዤ ቤቱ ገባሁ። የሆነውን ቅዳሜ ማታ ነግሬያታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር አላወራችም። ከራሷ ጋር ነበር የተኳረፈችው። ቀድማ ግልባጩን ከሰሌዳው ላይ ነቀለች።

«የት እንደሆኑ ሸፈን አድርገን የምንጽፋቸው አሉ እኮ» አለች። «በጣም ብርቅ የሆኑትን። ከእኔ በላይ ይሄንን የሚያውቅ የለም። ደስ ብሎኝ ረሳሁት።»

«ዋናውንም እንቅደደው።»

«አይቀደድም፣ አይፋቅም። አንዴ የተለጠፈ መለያ አይነካም። ስህተት ቢገኝበት እንኳ ከጎኑ ሌላ ይለጠፋል።»

«ስህተት የለበትማ!» አልኳት። «ችግሩ ልክ መሆኑ ነው!»

እትዬ መሳቢያዋን ከፈተች። ትንሽ ቁራጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ያንን ሁሉ መንገድ እንደ ውኃ የጻፍኩ ልጅ ለዚያች ቁራጭ ወረቀት ረፋዱን ሙሉ ፈጀሁ። በመጨረሻ የጻፍኩት «ከዚህ ቦታ አሁን የለችም» የሚል ነው። ሙጫውንም ራሴ ቀባሁት።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስገባ ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ገባሁ። የጻፍኩት ሲነበብ ልጆች ያጨበጭባሉ፤ አማርኛ መምህራችን «ስትጽፊ ቦታው ይታያል» ይሉኛል። ይህን በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ያ የተደለደለ አፈር ይመጣብኛል። ሁልጊዜ በዚህ ተራ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ተገላብጦ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት ወተት ልወስድ ስሄድ እማማ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ኮቴሽን ቀስ አድርጊ» ብለው ወደ ውስጥ አስገቡኝ፤ አበቦቹ በፊት ከነበሩበት ሳይሆን ወደ ሌላ በኩል። ሁለት ቅጠል መሬት ላይ ተዘርግቷል። ዘንግ የለውም፣ አበባ የለውም። ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብዬ ፈራሁ፤ ግን ያንን ቅጠል ጋዜጣ ላይ ስንት ጊዜ አገላብጬዋለሁ። እሷ ናት።

«ዘንድሮ ላታብብ ትችላለች እማማ።»

«እኔም ለሰውየው አልነገርኩትም። ካበበች ይሰማል።» ካስማው መነቀሉን ያየሁት ያኔ ነው። ለሁለት ቅጠል ላሞቹ ግቢው ጥግ ድረስ ሄደዋል። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ። «ትጽፊያታለሽ?»

ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። «ልጻፋት?» አልኩ።

ጠርሙሴን ተቀብለው መቅዳት ጀመሩ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንቺ ነሽ ጸሐፊዋ» አሉ። «ከጻፍሽም እንደዚያ እንደ ቸኮለው ሰውዬ ጻፊያት።»

እንግዲህ ጽፌያታለሁ። ሁለት ቅጠል አላት። የምትገኘው አዲስ አበባ አጠገብ ባሉ ኮረብቶች ነው።