አራቴ የተጠረገው ኮምባይነር

ኢፍቱ ደበላ ቂም ስትይዝ አትጮህም፣ አታኮርፍም፣ ሰላምታ አትነፍግም። አሰላ ባለው የዘር ጥራት ቤተ ሙከራ አብረዋት የሚሠሩት “ጨዋ ልጅ ናት” ይሏታል። አያውቋትም። ይቺ ልጅ አንድ ሰው የተናገራትን ቃል ሰባት ዓመት ሙሉ ሆዷ ውስጥ ይዛ፣ ምሳዋን እየበላች፣ መዝሙሯን እየዘመረች የኖረች ናት። ቃሉን የተናገረው ሰውዬ ሳጉሬ በሄደች ቁጥር ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሲጨብጣት፣ ፈገግ ብላ እጇን ትሰጠው ነበር።

ሰውዬው ጋሽ ቱሳ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ሰፊ ማሳ ያላቸው፣ ቀልድ አዋቂ። ሠርግ ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት ሰው አጠገባቸው ለመቀመጥ ይሻማል። የኢፍቱ አባት ደበላ ደግሞ ግማሽ ሄክታር ስንዴ የሚያርስ፣ ቀልድ የማያውቅ፣ በዓለም ላይ የሚመካበት አንድ ነገር ቢኖር ልጁ ብቻ የሆነችለት ሰው ነበር። ኢፍቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስታልፍ፣ ሳጉሬ ገበያ ላይ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ “ሐኪም ልትሆን ነው” ሲል ከረመ። ማንም ሳይጠይቀው ነው እንግዲህ።

ሐኪም አልሆነችም። አንደኛ ዓመቷን ስትጨርስ ውጤቷ ለሕክምና ትንሽ አነሰና፣ ምደባው ስድስተኛ ምርጫዋ ላይ ጣላት። ዘር ሳይንስ። እሷ ራሷ ቅጹን ስትሞላ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ብላ የጻፈችው ነው። ክረምት ላይ ወደ ቤት ስትመለስ አባቷ የምስጋና ጸሎት አዘጋጀ፤ ጎረቤት ተጠራ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ሻይ ተቀዳ። ከጸሎቱ በኋላ አንዱ “ምን ደረሰሽ ታዲያ?” ብሎ ጠየቃት። ነገረችው። ያኔ ጋሽ ቱሳ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣

“ስንዴ ለመዝራት ዲግሪ ካስፈለገ እንግዲህ የኔ በሬዎች ፕሮፌሰሮች ናቸው!” አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ፣ ወጣቶቹ ጉልበታቸውን መቱ። አባቷ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ኢፍቱ ያንን አየች። ከዚያ ቀን በኋላ ደበላ ስለ ልጁ ሲጠየቅ “ትማራለች” ብቻ ይል ጀመር፤ ምን እንደምትማር አይናገርም። እሷ ሦስተኛ ዓመት ሳለች ታሞ ሞተ። እስከ መጨረሻው “ትማራለች” እንዳለ ነው የሞተው።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ዶርም የተጋሩት ስድስት ሴቶች ሁሉ የእሷ ብጤ ነበሩ፤ አገር ቤት ሲነገር ማንም የማይገባውን ትምህርት የሚማሩ። አንዷ የዓሣ ሀብት፣ አንዷ የቆዳ ቴክኖሎጂ፣ አንዷ የንብ ሀብት፣ ኤልሮኢ የምትባለው የቅርብ ጓደኛዋ ደግሞ ሜትሮሎጂ። ኤልሮኢን አጎቷ “ነፋስ ልትቆጥር ሄደች” እያለ ያሾፍባት ነበር። የመጀመሪያውን ወር ስድስቱም አለቀሱ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ግን ኢፍቱ አንድ ቀን ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ በዓይን ሲታዩ ቁርጥ አንድ የሚመስሉ የስንዴ ፍሬዎች መድኃኒት ውስጥ ሲነከሩ፣ ግማሾቹ ጠቁረው ግማሾቹ እንደነጡ ሲቀሩ አየች። ሁለት ዝርያ ነበሩ። አርባ ዓመት ያረሰ ገበሬ የማያየውን እሷ ልታየው ትችላለች ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት ትምህርቱን ወደደችው፤ ወዲያውም ጋሽ ቱሳ ትዝ አሉአት። ከዚያ በኋላ ያነበበችውን ሁሉ እሳቸውን እያሰበች ነው ያነበበችው። ደግሞ እውነቱ ይነገር፣ ስድስቱም በተመረቁ በዓመቱ ደመወዝተኛ ሆነዋል። ያሾፉባቸው ሰዎች ልጆች አብዛኞቹ ገና የሥራ ማስታወቂያ ያነባሉ።

አሰላ ተቀጠረች። ሥራዋ ገበሬዎች ለዘር ብለው የሚያመርቱትን ስንዴ መመርመር ነው። ለዘር የታሰበ ማሳ ውስጥ ሌላ ዝርያ ከተቀላቀለ፣ ወይም ፍሬው በደንብ የማይበቅል ከሆነ፣ ይጣላል። ተጣለ ማለት ዱቄት ይሆናል ማለት ነው፤ የዓመቱ ድካም ወፍጮ ቤት ገባ ማለት ነው። በሦስተኛ ዓመቷ ሳጉሬ አካባቢ ያሉ ጎረቤታሞች ማሳቸውን በኩታ ገጠም አያይዘው አንድ ዓይነት የዘር ስንዴ ሲዘሩ፣ መርማሪዋ እሷ ሆነች። የኩታ ገጠሙ ሰብሳቢ ጋሽ ቱሳ ነበሩ። ዝርዝሩ ላይ ስማቸውን ስታይ ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት። ከአክብሮት አይደለም።

በክረምቱ ሦስቴ ማሳቸውን መረመረች። ሦስት ሄክታሩን በመስመር እየረገጠች ባዕድ ዛላ ፈለገች። የለም። አረም ፈለገች። የለም። ሰውዬው ያረሙት ማሳ እንደ አልጋ ልብስ የተስተካከለ ነበር። በትክክል “አልፏል” ብላ ፈረመች፤ የውሸት ቁጥር መጻፍ አላማራትም። እሷ የፈለገችው ጋሽ ቱሳ ባለማወቃቸው እንዲወድቁ ነው። ማሳው ንጹሕ መሆኑ ግን ክፉኛ አናደዳት።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ኮምባይነሩ መጣ። ከቀሪዎቹ ቀድመው የዘሩት ጋሽ ቱሳና የኢፍቱ እናት የሻረግ ስለነበሩ፣ የደረሰው የሁለቱ ማሳ ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ገና ሳምንት ይፈልጋል። ሰው ግን ሁሉም ወጥቶ መንገድ ዳር ቆሟል። ኢፍቱም ሦስት ሰዓት ላይ ከአሰላ በሚኒባስ ደረሰች። ገና ከመውረዷ ኮምባይነሩን አየችው። ከማዶ ማሳ ነው የመጣው፤ ማጨጃው ላይ የተንጠለጠለው ገለባ ቀላ ያለ፣ የሌላ ዝርያ ስንዴ ነው። አልተጠረገም።

መመሪያው ግልጽ ነው። ኮምባይነር ወደ ዘር ማሳ ከመግባቱ በፊት ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ይጠረጋል። ሆዱ ውስጥ የቀረው ፍሬ ከዘሩ ጋር ይቀላቀላላ። ለገበሬው ግን ከገብስ ማሳ ቢመጣ ነው እንጂ፣ ከስንዴ ወደ ስንዴ ምን ይጠረጋል? በዚያ ላይ ኮምባይነር የሚገኘው በስንት ልመና ነው። መጠረጉን ማረጋገጥ የእሷ ሥራ ነበር። አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። አንድ ቃል መዋጥ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። የጋሽ ቱሳ ዘር ይቀላቀላል፣ እሷ አሰላ ላይ መድኃኒት ውስጥ ትነክረዋለች፣ ፍሬው ይጠቁራል፣ እሳቸውም ከበሬዎቻቸው ጋር ይመካከራሉ።

ኮምባይነሩ ወደ ጋሽ ቱሳ ማሳ ሲታጠፍ፣ ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

“እንደሻው! ቆይ!” አሉት ኦፕሬተሩን። “መጀመሪያ የየሻረግን እጨድላት። ባል የሌላት ሴት ቆማ እያየች የኔ አይቀድምም።”

የሻረግ “ኧረ ጋሽ ቱሳ፣ ተራው የእርስዎ ነው” ብትል፣ “ተይ ባክሽ፣ የኔ የት ይሄዳል” አሉ። ኮምባይነሩ አፉን ወደ እናቷ ግማሽ ሄክታር አዞረ።

ኢፍቱ ሮጠች። “አቁም!” ብላ ፊቱ ላይ ቆመች። “አልተጠረገም! ሳይጠረግ አይገባም!”

በውስጧ የሰደበቻቸውን ስድብ እዚህ መጻፍ አይቻልም። ሰውዬው ቀልደው አዋረዷት፣ አሁን ደግሞ ቸር ሆነው በቀሏን ነጠቋት። እናቷን ለማዳን ስትል እሳቸውንም አዳነቻቸው። ይሄንን ይቅር ልትል አልቻለችም።

ጠረጋው ተጀመረ። ጋሽ ቱሳ ጃኬታቸውን አውልቀው፣ መጥረጊያ ይዘው ራሳቸው ኮምባይነሩ ሥር ገቡ። የልጅ ልጃቸው ፈናን ከጎናቸው ሆና ፍርስራሹን ታወጣ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አልፋ የዩኒቨርሲቲ ጥሪ የምትጠብቅ ልጅ ናት። አንደኛው ጠረጋ አለቀ፣ ሁለተኛው ተጀመረ። በዚህ መሃል የኢፍቱ ስልክ ጮኸ። ዛሬ ሳጉሬ እንደምትውል የምታውቀው፣ ነፋስ ቆጣሪዋ ኤልሮኢ ናት። “በእናንተ በኩል ዛሬ ዝናብ አለ፤ ከዘጠኝ ሰዓት አያልፍም። ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል” ይላል መልእክቱ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ኢፍቱ ሰዓቷን አየች፤ አምስት። አሰበች። አሁን ከተለቀቀ የእናቷም፣ የእሳቸውም ከዘጠኝ በፊት ይታጨዳል። ስልኩን ኪሷ ከተተችና ሁለተኛው ጠረጋ ወዳለቀለት ኮምባይነር ጎንበስ ብላ ተመለከተች። ንጹሕ ነበር።

“ገና ነው” አለች።

“ገና?” አሉ ጋሽ ቱሳ ከሥር። ቅንድባቸው ሳይቀር በአቧራ ነጥቷል።

“ገና ነው ጋሽ ቱሳ። እንደገና ይጥረጉ።”

ሦስተኛው አለቀ። “ገና ነው።” እንደሻው አጉረመረመ፣ ጋሽ ቱሳ ግን “የተማረች እሷ ናት፣ ዝም በል!” ብለው ገሠጹትና እያሳላቸው ተመልሰው ገቡ። ኢፍቱ ዛፍ ጥላ ሥር ቆማ የሰውዬው ሁለት እግሮች ከኮምባይነሩ ሥር ሲንፏቀቁ እያየች፣ በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። “አባዬ፣ ተመልከት” አለች በልቧ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ለቀቀችው። የእናቷ ማሳ ታጭዶ፣ ከረጢቱ ታስሮ ቤት ገባ። ኮምባይነሩ ጋሽ ቱሳ ማሳ ገብቶ ሁለት ዙር እንደሄደ፣ ከጭላሎ ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ወረደ። ሦስት ቀን ዘነበ። የደረሰው ስንዴ በቁሙ ረጥቦ፣ ዛላው ላይ እንዳለ ያቆጠቁጥ ጀመር።

የጋሽ ቱሳ ናሙና አሰላ ሲደርስ ኢፍቱ ራሷ አስበቀለችው። ስምንት ቀን ጠብቃ ቆጠረችው። ግማሹ እንኳ አልበቀለም። “ተጥሏል” ብላ ፈረመች፤ ፊርማዋ እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም።

በሳምንቱ ጋሽ ቱሳ ፈናንን አስከትለው ቢሮዋ መጡ። ልትጣላቸው ተዘጋጅታ ነበር። እሳቸው ግን ወንበሩ ላይ ዘፍ ብለው፣

“ኢንተላ ኮ” አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “ዝናብ የፈጣሪ ነው። አንቺ ባታቆሚው ኖሮ የእናትሽም ይበላሽ ነበር፤ ነገሩን አስረድተውኛል። እኔ የመጣሁት ለዚች ነው። ጥሪዋ መጥቷል፣ ነገ ትሄዳለች። ምርጫው ላይ ስትደርስ የአንቺን ትምህርት ትሙላ ብያለሁ።” ሳቅ አሉ። “ያኔ ቤታችሁ ስለ በሬዎቼ የቀለድኩት ትዝ ይልሻል? አባትሽ ነፍሱን ይማረውና እንባው እስኪመጣ ነበር የሳቀው። ታዲያ ተሳስቼ ነበር። በሬዎቼ ምንም አያውቁም። ቤተ ክርስቲያንም ቆሜ ተናግሬዋለሁ።”

ኢፍቱ ሰባት ዓመት የጠበቀችው ቃል ይሄ ነበር። ሳትጠይቃቸው፣ ማሳቸው ከወደቀ በኋላ፣ በነጻ ሰጧት። ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ወረቀት አስተካከለች።

ጋሽ ቱሳ ተሰናብተው ወጡ። ፈናን በሩ ላይ ቀረች። ከቦርሳዋ በአጨዳው ቀን መንገድ ዳር ለገበሬው ሲታደል የነበረውን መመሪያ አወጣች።

“እህት ኢፍቱ፣ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ ነው የሚለው። ከሁለተኛው በኋላ ውስጡን እኔም አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነበር።”

ኢፍቱ አንገቷን አስግጋ ጋሽ ቱሳ መራቃቸውን አየች።

“አያቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። ማንበብ አይችልም፤ እኔም አልነገርኩትም።” ልጅቷ አልጮኸችም፣ አላኮረፈችም። መመሪያውን አጣጥፋ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። “ዘር ሳይንስን አንደኛ አድርጌ ነው የምሞላው። አራት ዓመት ነው አይደል?”

“አዎ፣ አራት ዓመት ነው።”

ፈናን ፈገግ ብላ እጇን ዘረጋች። ኢፍቱ ያንን ፈገግታ ታውቀዋለች፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ስትለብሰው የኖረችው እሷ ናት። የተዘረጋላትን እጅ ጨበጠች።

“ስመለስ እዚሁ አገኝሻለሁ?” አለች ልጅቷ።