ጥርስ ሠሪው ተራ ሲጠብቅ

ሰውዬው ጥርስ ሠሪ ነው። ሐኪም አይደለም። ሐኪሙ ከፊት ባለው ሰፊ ክፍል ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ሰው አፍ ውስጥ ይገባል፤ እሱ ደግሞ ከኋላ ባለች ባለ አንድ መስኮት ክፍል ተቀምጦ የጎደለውን ይሠራል። ጀሶ ያቦካል፣ ሰም ያቀልጣል፣ ድድ የሚመስለውን ሮዝ ፕላስቲክ እየሞረደ ያለሰልሳል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው የኖረው። ሥራው ሲያልቅ ሐኪሙ አዲሱን ጥርስ ለታካሚው ይገጥምና «እስቲ ስድሳ ስድስት ይበሉ» ይላል። ታካሚው ጥርት አድርጎ «ስድሳ ስድስት» ሲል ጥርስ ሠሪው ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ይሰማል፣ ደስም ይለዋል። እሱ ራሱ ስድሳ ስድስት በል ቢባል ግን ታካሚው ምሳውን በልቶ ይመለስ ነበር።

ተብታባ ነውና። ከልጅነቱ ጀምሮ አንደበቱ ይያዛል፤ በተለይ «ስ» እና «መ» ሲገጥሙት ፈተናውን ያያል። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ግን ማን ታግሦ ይሰማል? ገና «መ...መ...» ሲል ባለሱቁ «መብራት? መላጫ? መቀስ?» እያለ መደርደሪያውን ያራግፍለታል። መርፌ ሊገዛ ወጥቶ መላጫ ይዞ የገባበት ቀን ብዙ ነው፤ «አይ፣ እሱን አይደለም» ማለት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሚስቱ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ትሠራለች። ለሁለት ሰው የሚበቃ አንደበት ስላላት ጎረቤቶች «አምላክ አስቦበት ነው ያጋባቸው» ይላሉ።

የሚወደውን የኮምፒውተር ጨዋታ ያገኘው ሥራ በጀመረ በዓመቱ ነው። ክሊኒኩ አሮጌ ኮምፒውተሩን ሲቀይር «ቤትህ ውሰደው» ብለው ሰጡት፤ ውስጡ ማን እንደጫነው የማይታወቅ ጨዋታ ተረስቶ ነበር። ካርታው ባለ ስድስት ጎን በሆኑ ቁራጮች የተከፋፈለ ነው። ከተማ ትቆረቁራለህ፣ መንገድ ትዘረጋለህ፣ ጦር ታሰልፋለህ፤ ግን ሁሉም ተራ በተራ ነው። አንተ የድርሻህን ትንቀሳቀሳለህ፣ ከዚያ ጠላትህ የድርሻውን ይንቀሳቀሳል። ተራው ያንተ ሲሆን ዓለም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከታች በስተቀኝ ያለችውን «ጨርሻለሁ» የምትል ቁልፍ እስክትጫን ድረስ አንድ ፈረሰኛ ኮቴውን አያነሣም። ሄደህ ሰሃን ብታጥብ፣ ሦስት ቀን አልጋ ይዘህ ብትተኛ፣ ጠላት ጦሩን እንደያዘ ቆሞ ይጠብቅሃል። ጥርስ ሠሪው ይህን ያየ ዕለት አንጀቱ ራሰ። እስኪጨርስ ድረስ የጠበቀው የመጀመሪያው ፍጡር ያ የኮምፒውተር ጠላት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ አራት ጊዜ ተቀይሯል፤ ጨዋታው ግን ያው ነው። አይሰለችህም ወይ ሲሉት ይገርመዋል። ካርታው በየጊዜው ሌላ ነው፤ ዛሬ ወንዝ ባለበት ነገ በረሃ ይሆናል፣ ትናንት ያዋጣ ዘዴ ዛሬ ጉድ ይሠራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚቀጥለው ተራ አለ። ድልድዩ ሊያልቅ አንድ ተራ ቀርቶት፣ መርከቧ ልትደርስ ሁለት ተራ ቀርቷት ማን ተነሥቶ ይሄዳል? «አ...አንድ ተራ ብቻ» ይላል እራት ሲጠራ። ሚስቱም «ያንተ አንድ ተራ የሰው አንድ ሰዓት ነው!» ብላ ሰሃኑን በክዳን ትሸፍንለታለች።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም ታክሲ ነጂ ነው፤ እንኳን እሱ መኪናውም መቆም አይወድም። አንድ ቅዳሜ አዲስ ጨዋታ ይዞ ከች አለ። «ይኼን የሽማግሌ ነገርህን ተወውና እስቲ ይኼን ሞክር!» አለው። ጥርስ ሠሪው ቁጭ ብሎ ሞከረ። ይኼኛው ጨዋታ ተራ የሚባል ነገር አያውቅም፤ በየትኛው በር ልግባ ብሎ ሲያስብ አራት ጊዜ ሞተ።

«እ...እንደ ባለሱቁ ነው» አለ ማውሱን እየመለሰለት።

ታክሲ ነጂው ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባውም፤ ብቻ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሰባት ዓመት ሲሞላት «እኔም ቀለም ይሰጠኝ» ብላ ገባች። ቢጫው ጦር ተሰጣት። ከዚያ በኋላ የቤቱ ሕግ ወጣ፦ አንዱ ተራው ሲሆን ሌላው ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል። ማሾለቅ ክልክል ነው፣ ምክር ክልክል ነው፣ ማጉረምረም ክልክል ነው። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው፣ የሚያከብረውም እሱ። ልጅቷ አንዲት ቀስተኛ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ለማሻገር አርባ ደቂቃ ታስባለች። እሱ ሰሃኑን ያጥባል፣ ሰሃኑ ሲያልቅ ድስቱን ያጥባል፣ ድስቱ ሲያልቅ ንጹሑን ድስት ደግሞ ያጥባል። አንድም ቀን «አልጨረስሽም?» ብሎ አያውቅም። ሚስቱ ጨዋታውን ብትረግምም በወጥ ቤቷ ንጽሕና ቅር ብሏት አያውቅም።

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን ምሳ ላይ «አ...አ...አባዬ» አለች። ጥርስ ሠሪው ክው አለ። ሹካው እጁ ላይ ቀረ። ከዚያች «አ» በኋላ የሚመጣውን መንገድ ከእግር እስከ ራሱ ያውቀዋል፤ የሚስቀውን፣ የሚያዝነውን፣ ሰዓቱን የሚያየውን ሁሉ ያውቀዋል። ልጄ በዚህ አታልፍም ሲል ለራሱ ማለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከንፈሯን መጠበቅ ሥራው ሆነ። ገና «እ...» ስትል «እርሳስ? እንኪ» ይላል። «ው...» ስትል ውኃ ተቀድቶ ይጠብቃታል። እንግዳ ፊት ስትጀምር እሱ ይጨርስላታል፤ የሚገርመው በእሷ ፈንታ ሲናገር የእሱ አንደበት ብዙም አይያዝም። በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ቀልጠፍ ብሎ አያውቅም። ሚስቱም ደስ አላት፣ እሷም አገዘች። እንደ አባትና እንደ እናት የሚቻላቸውን እያደረጉ መሰላቸው።

ልጅቷ ግን ዝም እያለች ሄደች። መጀመሪያ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ቤት። ራሷን ትነቀንቃለች፣ በጣቷ ትጠቁማለች፣ ካስፈለገም ትጽፋለች። ማውሱ እጇ ላይ ሲሆን ብቻ ትነቃለች። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ጠራቸው፦ ልጅቷ በቃል የምትመልሰውን ፈተና ካልመለሰች ዓመቱን ትደግማለች።

ሚስቱ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘች እሱ ልጅቷን ይዞ ሄደ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጥርጥር አልነበረውም። የክፍል ጓደኞቿ ያሾፉባታል፤ በልጅነቱ በእሱም ተሹፎበታል፣ እሱም በአንድ ወቅት አራት ወር ዝም ብሎ ያውቃል። ይህን ሁሉ ሥራ ቦታ በምሳ ሰዓቱ ሦስት ገጽ አድርጎ ጽፎ ኪሱ ውስጥ ይዟል።

መምህርቷ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። የሰጣቸውን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አነበቡና አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ልጆቹ ያሾፉብሻል እንዴ?»

«አዎ፣ ያ...ያሾፉባታል» አለ ጥርስ ሠሪው።

«አባት፣ ይቅርታዎን፤ እሷን ነው የጠየቅኋት።»

ልጅቷ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

«ታዲያ ምንድን ነው ዝም ያሰኘሽ? ንገሪኝ፣ አልቸኩልም።»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። «አ...አ...»

«አዲሱ መቀመጫሽ ነው? አ...አስተማሪ ተቆጥቶሽ ነው?» አለ አባቷ።

መምህርቷ ምንም ሳይሉ መዳፋቸውን ወደ እሱ አነሡ። እሱም ንግግሩን አቋረጠ። ውጭ ኳስ ግድግዳ እየመታ ይመለሳል። የልጅቷ አንገት ሲወጠር፣ ዓይኗ ሲጨፈን እያየ ወንበሩን በሁለት እጁ ያዘ። እንዲህ ያለ ጭንቅ ጥርስ ሲነቀልም አላየም።

«አ...አባዬ ነው» አለች። «ሳ...ሳልጨርስ ይጨርስብኛል። ልል የፈለግኩት እ...እሱን አይደለም። ጨዋታ ላይ ግን ይ...ይጠብቀኛል።»

ጥርስ ሠሪው ኩም አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ሰው ሁሉ በእሱ ላይ ያደረገውን እሱ በገዛ ልጁ ላይ አደረገው፤ ያውም ከማንም በላይ እየወደዳት። ለኮምፒውተር ጨዋታ አርባ ደቂቃ ድስት ሲያጥብ የኖረ ሰው ለልጁ አንዲት ቃል አንድ ደቂቃ አልሰጣትም። ደብዳቤውን ከጠረጴዛው አንሥቶ ኪሱ መለሰው።

መምህርቷ «ፈተናውን አንድ ወር አዘገየዋለሁ» አሉ። «እኔ እዚህ ተናግራ እስክትጨርስ እጠብቃታለሁ። እናንተም ቤት ጠብቋት።»

የዚያን ቀን እራቱን የሠራው እሱ ነበር፤ የድንች ሾርባ። ሚስቱ የሆነውን ሁሉ ከሰማች በኋላ፣ ተአምር በሚባል ሁኔታ፣ ዝም ብላ ነበር። ልጅቷ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ቀና አለች።

«ጨ...» አለች።

የጨው ዕቃው ከአባቷ ክንድ አጠገብ ነው። እጁ በራሱ ጊዜ ሄዶ ያዘው። ከዚያ ትዝ አለው፤ ለቀቀው፣ ሁለቱንም እጆቹን ጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠባቸው። የሚስቱ እጅ ሲንቀሳቀስ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠ።

«ጨ...ጨ...»

የሾርባው እንፋሎት ጠፋ። ሁለቱም ልጃቸውን እያዩ ጠበቁ። ጥርስ ሠሪው ቃሉ እንደ ጉንዳን አፉ ውስጥ እየተራመደበት ከንፈሩን ገጠመ።

«ጨ...ጨው በ...በዝቶበታል» አለች።

ቀመሰው። እውነትም አፍ ላይ አይደረግም ነበር። ሊመልስላት አስቦ «እ...እ...» ሲል ሚስቱ «እውነቷን ነው» ልትልለት አፏን ከፈተች። ልጅቷ ግን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ እናቷን አየቻትና ማንኪያዋን አስቀምጣ አባቷ እስኪጨርስ ጠበቀች።