የፈለቀ አባት

ስንቄ በልጅነቷ ከጎንደር እስራኤል መጥታ ቤርሼባ ከተማ፣ ሽኩና ዩድ አሌፍ በሚባለው ሰፈር ነው ያደገችው። በአንድ ትንሽ ማኅበር ውስጥ ከሽማግሌዎች የተሰበሰበውን የዘር ሐረግ ኮምፒውተር ላይ ታጣራለች። ልጅ ከእናቱ ቀድሞ ተወልዶ፣ ወንድም አባት ሆኖ ተመዝግቦ ስታገኝ ታቃናለች።

በ2006 ታሃና መርካዚት በሚባለው የአውቶቡስ መናኸሪያ ጥበቃ በሚሠራው በፈለቀ ፋይል ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር አየች፤ አባቱ ማለደ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ተወልዷል ይላል። እናቱን አስጠራች። ፈለቀ እናቱን አድርሶ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ።

«እማማ አገሬ፣ የፈለቀ የልደት ዓመት የተሳሳተ መሰለኝ።»

አሮጊቷ አቀረቀሩ። «ዓመቱስ ልክ ነው ልጄ። አባቱ ነው የተሳሳተው።»

ከዚያ ዘረገፉት። ማለደን በመሬት ጠብ በመጥረቢያ የገደለው የገዛ ወንድሙ አዝመራው ነው። ገድሎ አልበቃውም፤ እሳቸውን ጎትቶ ቤቱ አስገባ፣ እየደበደበ አኖራቸው። ፈለቀ የእሱ ልጅ ነው። አምልጠው ከሸሹ በኋላ ግን ልጁን የማለደ ነህ አሉት። እሱም የአባቱን ገዳይ ሲረግም አደገ።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?» ስትል በሩ ተበረገደ። ፈለቀ ሰምቷል።

ስክሪኑን አንስቶ ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። ስንቄ ልታመልጥ ስትነሣ አንገቷን አንቆ ከመደርደሪያው ጋር አጋጫት። «ማለደ ብለሽ ጻፊ! ማለደ በይ!» ትንፋሿ ተቆረጠ። በጥፍሯ እጁን ቦጫጨረችው፤ አልለቀቃትም። እናቱ በምርኩዛቸው ጀርባውን ወቀጡት፤ ምርኩዙ ተሰበረ እንጂ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ክንዱ ላይ ተንጠልጥለው ጮኹ።

«እሱም እንዲህ ነበር የሚያንቀኝ!»

የፈለቀ ጣቶች ላላ አሉ። ወለሉ ላይ ተዘርፍጦ ግንባሩን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ያጋጭ ጀመር። ፖሊሶች መጥተው እስኪይዙት ደሙ ፊቱን አልብሶት ነበር።

አንዱ ፖሊስ በዕብራይስጥ ጠየቀ፤ ስንቄ በሰለለ ድምፅ ተረጎመች። «እማማ፣ ዛሬ ምን ተፈጠረ ይላል።»

«መጀመሪያ የአዝመራውን ይጻፍ» አሉ። «የልጄን ከዚያ በኋላ እነግረዋለሁ።»

ፖሊሱ ይሄ ምን ያደርግልኛል ብሎ ተቆጣ። ስንቄ ግን አንድ ቃል ሳታስቀር ተረጎመችለት።

ፈለቀ ታሰረ። ስንቄ የአንገቷ ሰንበር ሳይጠፋ ሥራ ገባች፤ እማማ አገሬ ልኩን ጻፊው ስላሏት፣ በአባት ቦታ አዝመራውን አስገባች።

እናቱ እስር ቤት ሊጠይቁት ቢመላለሱም ለረጅም ጊዜ አልወጣላቸውም። አንድ ቀን ግን ወጥቶ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣቸው፣ «የልጅቷ አንገት ዳነ?» አለ።