ካርቡራተሩን ያጠብኩባቸው ቅዳሜዎች

አባቴ ከሞቱ ወዲህ ቮልስ መኪናቸው ግቢያችን ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ተንቀሳቅሳ አታውቅም ነበር። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ጨርቃ ጨርቅ ጭነውባት በየሳምንቱ ሐሙሲትና ወረታ ገበያ ይመላለሱባት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዶሮ ዕንቁላል ጣለችባት፣ ማንጎ ረገፈባት፣ የከተማችን ሐይቅ እርጥበት ወለሏን በላው። ወንድሞቼ «ለቁርጥራጭ ብረት እንሽጣት» ሲሉ ተቆጣሁ። መቆጣት ይቀናኛል። በቁጣዬ መካከል «እኔ አሠራታለሁ! ያውም በገዛ እጄ!» ብዬ ፎከርኩ። አፌ ቀደመኝና ሥራው ጫንቃዬ ላይ ወደቀ። ስለ መኪና የማውቀው ነዳጅ ማስቀዳትን ብቻ ነበር።

ቢሮ የማልገባው ቅዳሜና እሑድ ነው። የመጀመሪያው እሑድ በጧት ተነሥቼ የተጨራመተውን የመኪናዋን በር በመዶሻ መቀጥቀጥ ጀመርኩ። ብዙም ሳልቆይ ከአጥሩ በላይ ነጭ ጥምጥም ብቅ አለ። ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ፣ እኛ ሙስሊሞቹም ጭምር፣ የምንጠራቸው የኔታ እያልን ነው።

«ልጄ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«እሑድ ነው የኔታ።»

«ለካ ታውቀዋለህ! እኔስ ረስተኸው መስሎኝ ነበር።»

አፈርኩ። መዶሻውን ከኋላዬ ደበቅኩት፤ ያላዩት ይመስል። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «እጅህ ያንተ ነው፤ ምን አገባኝ። ጆሮዬ ግን የእኔ ነው። ቅዳሜን ልተውልህ፣ እሑድን ተውልኝ» አሉኝ። በዚሁ ተስማማን። ቅዳሜ እየቀጠቀጥኩ፣ እየቆረጥኩና እየበየድኩ ሰፈሩን ሳውክ እውላለሁ። እሑድ በእርጥብ የብርጭቆ ወረቀት ዝገት እፍቃለሁ፣ ብሎን እፈታለሁ፣ ሽቦ እቀጥላለሁ። እውነቱን ለመናገር መኪናዋን ያዳናት ይህ ስምምነት ነው። ቅዳሜ በችኮላ ያበላሸሁትን ሁሉ የማየው እሑድ በጸጥታ ስቀመጥ ነበር።

የኔታም ከቅዳሴ መልስ መምጣት ጀመሩ። የቮልሷን የኋላ ወንበር ነቅዬ ዛፉ ሥር አኑሬው ስለነበር እሱ ላይ ይቀመጣሉ። ሞተሯ ከኋላ መሆኑን ያወቁ ዕለት እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንዲህ ያለም ፍጥረት አለ! ጓዟን ከፊት፣ ልቧን ከኋላ?» አሉ። እኔ ስጣደፍ ካዩ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉኛል። ብሎን ሲጠፋኝ ጎንበስ ብለው አብረውኝ ሣሩን ይዳብሳሉ። እነዚያን እሑዶች እወዳቸው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ የማስበው እነሱን ነው።

ከዓመት በኋላ ሞተሩ ታድሶ፣ መለዋወጫውም ከመርካቶ መጥቶ፣ የቀረኝ ትንሽ ነገር ሲሆን የየኔታ ልጅ ወደ ግቢያችን መጣች። አብረን ያደግን ናት፤ መምህርት ናት፤ እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷን የምትጦር እሷ ናት።

«መኪናዋ ልታልቅ ነው አሉ» አለችኝ።

«ሁለት ሳምንት ቢቀረኝ ነው» አልኳት እየኮራሁ።

«በናትህ አትጨርሳት።»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ዓይኗን ሳየው ግን ሳቄ ቆመ። የኔታ ሚስታቸው ካረፉ ጀምሮ ከሐይቁ ደሴቶች ወደ አንዱ ገዳም ገብቼ ልመንኩስ ይሉ ኖሯል። በእሳቸው ዕድሜ ሚስቱ የሞተችበት የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዲህ ማድረጉ የተለመደ ነው፤ ማንም ሰው አይደነቅም። ልጃቸው መቼ እንደሚሄዱ አጥብቃ ስትጠይቃቸው «የዚያ ልጅ መኪና የሠራች ዕለት እሄዳለሁ» ብለው ነበር።

«ያኔ እኮ ዶሮ ነበር የሚተኛባት!» አለች። «መቼም አትሠራም ብዬ ደስ አለኝ። አባባ የተናገሩትን አያጥፉም፤ ታውቃቸዋለህ። ከሄዱ ደግሞ ተመልሰው አይመጡም።»

ተቆጣሁ። «እንዴ! የእናንተን ጉዳይ የእኔ መኪና ላይ ምን አመጣው?» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ወጣች። ባለቤቴ ከመስኮቱ ሆና ሰምታ ኖሮ «እሷ ላይ መጮህ ምን ይባላል? እሳቸው ከሄዱ አንተ ራስህ እሑድ እሑድ ማን ይመጣልሃል?» አለችኝ። 

ያም ሆኖ እጄ አላርፍ አለ። ቅዳሜ ዕለት ወርኃዊ በዓል ነበር፤ የኔታ እስከ ቀትር ከቤተ ክርስቲያን አይመለሱም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለራሴ ብቻ ልሞክራት አልኩ። ቁልፉን ስጠመዝዘው ሞተሯ ሁለት ጊዜ አስላት፣ በሦስተኛው ተነሣች። ልጆች ሳለን አባቴ ከገበያ ሲመለሱ ከሩቅ የምንለየው ድምፅ ያው ራሱ ነበር። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ እንባዬም መጣ። ባለቤቴ እልል ማለት ስትጀምር ዘልዬ አፏን በእጄ ከደንኩት። ወዲያው ሞተሩን አጠፋሁ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ዋሸሁ። ነዳጅና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡራተር በየቅዳሜው እፈታለሁ፣ በቤንዚን አጥባለሁ፣ መልሼ እገጥማለሁ። እሑድ የኔታ መጥተው «እህ፣ እንዴት ሆነች?» ሲሉኝ «ካርቡራተሩ ነው የኔታ፤ ቆሻሻ ይዟል» እላቸዋለሁ። ባለቤቴ «ልጆቻችንን እንኳ እንዲህ አላጠብካቸውም» እያለች ታሾፍብኛለች። የየኔታ ልጅ በአጥሩ ሥር ስታልፍ ሰላምታዋ ረዘም ይላል። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልክድም። ግን ማታ ማታ ያን የሚያህል ሽማግሌ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ መዋሸቴ ይቆጠቁጠኛል። የሚሄዱት ወደ አምላካቸው ነው፤ እኔ ማን ነኝና ነው መንገድ የምዘጋባቸው?

አንድ እሑድ እንደ ወትሮው መጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና «ዛሬ በቅዳሴ ስለ መኪናህ ጸለይሁ» አሉኝ።

ይኼን አልቻልኩትም። እጄን በጨርቅ ጠርጌ እግራቸው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

«የኔታ፣ አንድ ነገር ደብቄዎታለሁ። መኪናዋ ትሠራለች። ከሠራች ሦስት ወር ሆናት። እንዳይሄዱብኝ ብዬ ዋሸሁዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

የተቆጡ መስሎኝ ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። እሳቸው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«አውቃለሁ» አሉ። «የዚያን ዕለት መነጽሬን ረስቼ ተመልሼ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ቆሜ ሰማኋት። ሚስትህ እልል ልትል ስትል እንዳፈንሃት ሳይቀር ሰማሁ።»

«ሰምተው ነው እንዴ እስከ ዛሬ ስለ ካርቡራተሩ የሚጠይቁኝ?»

«እኔም ዋሸሁ እንጂ ልጄ። ዛሬ የጸለይሁትም መኪናዋ እንድትሠራ አይደለም፤ የሰማሁትን እንዳልሰማሁ ሆኜ ስለ ተቀመጥሁ ይቅር በለኝ ብዬ ነው።» ከአጥሩ ወዲያ ወዳለው ቤታቸው ተመለከቱ። «ሚስቴ የሞተች ጊዜ ዓለም የመረረኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የመረረኝ ቤቴ ነው። አጥሩን ተሻግሬ እዚህ ስቀመጥ ደግሞ አይመረኝም። በዚህ ልብ ገዳም ብገባ እግዜርን ማታለል ነው።»

 «እና አሁን ይሄዳሉ?» ስላቸው ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነ።

 የኔታ ከወንበሩ ተነሥተው ቮልሷን በዝግታ ዞሯት፤ ጎንበስ ብለውም የፊት ጎማዋን አዩ።

«ፍሬኑንስ አይተኸዋል?»

«ደኅና ነው የኔታ። ባለፈው ወር ነው የቀየርኩት።»

«እንግዲያው ደግመህ እየው» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ክሪኩን አምጥቼ ያን ዕለት አራቱንም ጎማ ፈታሁ።